ባለ ሁለት ረድፍ ደብተሬ፦ ምልክቱ በግራ፣ የማምነው በቀኝ

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ። ድባቴ እንደያዘኝ ከእኔ በፊት የነቃው ደንበኛዬ ነው፤ የአንድ ሱሪ ወገብ ሦስቴ ለክቼ ሦስት የተለያየ ቁጥር ስጽፍ አየኝ። እናቴ «ዓይን ነው» አለች። ጎረቤታችን ዱዓ አስደረገችልኝ። ሐኪሙ «ድባቴ ነው» ብሎ መድኃኒት ጻፈልኝ። እኔ ደግሞ ለማንም ያልተነፈስኩት የራሴ ምርመራ ነበረኝ፦ ስንፍና ነው፣ መቼም አይለቀኝም።

ይህን እምነቴን ከምልክቶቹ ጎን መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ነው ሕመሜን ያወቅሁት። አንድ ደብተር ያዙና ገጹን መሃል ለመሃል በመስመር ክፈሉት።

ግራው ቀላል ነው። በየቀኑ ለስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ምግብ መብላት አለመብላታችሁን ጻፉ። በየ2 ሳምንቱ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚሞላውን ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መለኪያ ቅጽ (PHQ-9 ይባላል) ሙሉ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነው፣ ድምሩ ቢበዛ 27። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ ከ0 በላይ ከጻፋችሁ ደብተሩን ተዉት፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ተናግራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ብቻችሁን አትደሩ።

በቀኝ በኩል ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሕመሜን ምን ብዬ እጠራዋለሁ? ምን አመጣብኝ? ይለቀኛል ወይ? አርተር ክላይንማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ታማሚ እንዲህ እንዲጠየቅ ጽፏል፤ እኔ ራሴን እጠይቅበታለሁ። መልሱን ምን ያህል እንደምታምኑት ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። ቃሉን አታሳምሩ። ዓይን ከሆነ ዓይን፣ ጂን ከሆነ ጂን። እኔ አንዴ «ዓይን» ስል አንድ ባለሙያ ፈገግ ብሎብኝ ለወራት አፌን ዘግቼ ከረምኩ።

ቀኙን ከግራው በፊት ሙሉ፤ ምልክቱን ካስቀደማችሁ ድምሩ እምነቱን ይጎትተዋል። ሰዓቱም አይቀያየር። እኔ መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ነበር የምጽፈው፣ ያው የጅማ ከሰዓት በኋላ ማለት ጫት ነው። ምርቃና ላይ «አይለቀኝም» 2 ይሆናል፤ ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ ጠዋት 9። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ሳይ ሳቄ መጣ። አሁን ጠዋት፣ ሱቅ ሳልከፍት፣ ሻይ ይዤ እጽፋለሁ፤ ጫቱንም በጣም ቀንሻለሁ።

አንዱ ገጼ እንዲህ ይላል፦ «እሑድ፦ እንቅልፍ 4 ሰዓት። ዓይን 5። አይለቀኝም 4። ማክሰኞ፦ እንቅልፍ 3 ሰዓት፣ ምሳ የለም። ዓይን 5። አይለቀኝም 9።» ዓይን ከ5 አልተነቃነቀም፤ ደህና ስሆንም ሲብስብኝም ያው ነው። የሚወጣና የሚወርደው «አይለቀኝም» ነው። በጥናትም ሕመማቸው የማይለቅና ከእጃቸው የወጣ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ምልክታቸው ከበድ ብሎ ይገኛል። ግን እምነቱ ሕመሙን አባብሶት ይሁን ሕመሙ እምነቱን ወልዶት፣ በአንድ ጊዜ ልኬት አይለይም። በእኔ ደብተር ብዙውን ጊዜ እንቅልፉ ይቀድማል። ስለዚህ 9 ስጽፍ ከማመኔ በፊት የትናንትናውንና የከትናንት ወዲያውን ሰዓት አያለሁ።

መድኃኒት በጀመርኩ በ5ኛው ቀን «አይሠራም 10» ብዬ ጽፌ ላቆመው ነበር። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ ሐኪሙ ሲነግረኝ ወደ 6 ወረደ። እናንተም ሳትጠይቁ እንዳታቆሙ። ጸበልም ሆነ ዱዓ የምትሄዱ ከሆነ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ እናቴ ጋር የተስማማነው በዚህ ነው።

ቀጠሮ ስትሄዱ ደብተሩን ገልጣችሁ ስጡ። ባለፈው ሐኪሙ ግራውን ቶሎ አልፎ ቀኙ ላይ «ስንፍና 8» የሚለውን በጣቱ ነካና፣ «ይሄን ማን ነው ያለህ?» አለኝ። የቀረው ሰዓት በዚያች ጥያቄ አለቀ።