የተቀባ ፀጉር ቀለሙን ይዞ እንዲቆይ ምን እናድርግ?

ፀጉር ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጠን፣ ቀላል የማይባል ገንዘብ ከፍለን የተቀባነው ቀለም ወር ሳይሞላው ሲደበዝዝ ብዙዎቻችን የምንወቅሰው ቀለሙን ወይም የቀባችንን ባለሙያ ነው። አልፎ አልፎ ወቀሳው ተገቢ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀለሙን የሚወስደው ከዚያ በኋላ ያለው አስተጣጠባችን ነው። ፀጉርን በምን፣ በየስንት ጊዜውና እንዴት እንደምናጥብ ካስተካከልን የቀረው ሁሉ ይቀላል።

የፀጉር ዘንግ በውጭ በኩል እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ላይ በተደራረበ ስስ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። በቋሚ ቀለም ውስጥ ያለው አሞኒያ ወይም እርሱን የሚተካው ንጥረ ነገር ይህን ቅርፊት ከፍ ያደርገዋል፤ ከቀለሙ ጋር የሚደባለቀው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደግሞ የተፈጥሮውን ቀለም እያሳሳ፣ ወደ ውስጥ የገቡት ጥቃቅን የቀለም ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያይዘው እንዲተልቁና በቀላሉ እንዳይወጡ ያደርጋል። ሆኖም አንድ ጊዜ የተነሳ ቅርፊት እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይገጥምም። ፀጉሩ በራሰ ቁጥር ያብጣል፣ ቅርፊቱም ይላላል፤ በዚህ ጊዜ ሻምፖ ባይነካው እንኳ ውሃው ብቻውን ከቀለሙ ጥቂት ይዞ ይወጣል። ጊዜያዊ የሚባሉት ቀለሞች ደግሞ ከመጀመሪያውም ከላይ ከላይ ስለሚቀመጡ በጥቂት እጥበት ይለቃሉ፤ የተቀቡት የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ባለሙያዋን ጠይቀው ቢያውቁ ከቀለሙ የማይገባ ዕድሜ አይጠብቁም።

ከተቀቡ በኋላ ቢያንስ 2 ቀን፣ ቢችሉ 3 ቀን ፀጉርዎን አይታጠቡ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ ለአብዛኞቻችን ጥምዝምዝ ፀጉር ይበቃል፤ ይህ ዓይነቱ ፀጉር በባሕርዩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ቀለሙንም ወዙንም ያሳጣዋል። ስፖርት የሚሠሩና ራሳቸውን የሚያልባቸው ሰዎች በመካከል የራስ ቆዳቸውን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርጉ ሙሉውን ፀጉር ከማራስ ይድናሉ።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን። በክረምት ጠዋት ሙቅ ሻወር ሥር መቆም እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ ሆኖም ገላዎን በሙቅ ውሃ ታጥበው ፀጉርዎን ለብቻው ጎንበስ ብለው ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ይችላሉ። ሻምፖ ሲገዙ ጀርባውን ያንብቡ፤ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚለው ስም በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ካለ ለተቀባ ፀጉር ጠንከር ይላልና ለቀለም ተብሎ የተዘጋጀ ወይም ሰልፌት የሌለው ሻምፖ ይምረጡ። የፎሮፎር ሻምፖ የሚጠቀሙ ከሆነ የራስ ቆዳዎን ብቻ ያስነኩት። የገላ ሳሙናን ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ የተለመደው ሳሙና የአልካሊነት መጠኑ ፒኤች በሚባለው መለኪያ ከ9 እስከ 10 ስለሚደርስ ቅርፊቱን መልሶ ይከፍተዋል። ሻምፖውን በእጅዎ መዳፍ ላይ በውሃ አቅጥነው የራስ ቆዳዎን ብቻ ይሹ፤ ርዝመቱን ለማጽዳት ሲያለቀልቁ የሚወርደው አረፋ በቂ ነው። ከዚያ ኮንዲሽነር ከመሃል እስከ ጫፍ ተቀብተው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያቆዩት። ሲያደርቁም በፎጣ አይፈትጉት፤ በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት ጠቅልለው ጫን ጫን ያድርጉት።

ቅቤ ለሚቀቡ ሰዎች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ እናቶች ቀለም ከተቀቡ ቅቤ መተው እንዳለባቸው ተነግሯቸው ሲያዝኑ አይቻለሁ። ቅቤው ራሱ ቀለም አያስለቅቅም። ቀለሙን የሚያስለቅቀው ቅቤውን ለማስወጣት የምናፈሰው ሙቅ ውሃና ሁለት ሦስት ጊዜ የምንደጋግመው ሻምፖ ነው። ስለዚህ ከተቻለ ቅቤውን ቀለም ከመቀባትዎ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ተቀብተው ይጨርሱ። በመካከል መቀባት ካማረዎ መጠኑን ቀንሰው ይቀቡ፤ ለመታጠብ ሲሉም ፀጉርዎን ውሃ ከማስነካትዎ በፊት በደረቁ ብዙ ኮንዲሽነር ለቅልቀው ለ10 ደቂቃ ያህል በጣትዎ ያሻሹት። ኮንዲሽነሩ ቅባቱን ስለሚያሟሟው አንድ ጊዜ በቀላል ሻምፖ መታጠብ ይበቃል። የቅቤ ሽታ የማይመቻቸው ደግሞ ከመታጠባቸው ከግማሽ ሰዓት በፊት ጥቂት የኮኮናት ዘይት ቢቀቡ ዘይቱ ወደ ፀጉሩ ዘልቆ ስለሚገባ ፀጉሩ በውሃ የሚያብጠውን መጠን ይቀንስለታል።

ሳምንታዊ እጥበትዎን ፀጉር ቤት የሚያደርጉ ከሆነ ይህን ሁሉ እዚያም ማሳሰብ አለብዎ። የራስዎን ሻምፖ ይዘው መሄድ ነውር የለበትም፤ ገበያ በበዛበት ዕለት የሚያጥብዎት ሰው ቀለም መቀባትዎን ላያውቅ ይችላል። ቢጎዲን ተጠቅልለው ካስክ ሲገቡ ሙቀቱ መካከለኛ ላይ እንዲደረግ ይጠይቁ። በተለይ የፀጉር መተኮሻውን ፒያስትራ ይጠንቀቁ፤ የአብዛኞቹ መሣሪያዎች ሙቀት እስከ 230 ዲግሪ ይደርሳል፣ ለተቀባ ፀጉር ግን ከ180 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ከሙቀት የሚከላከል ቅባት ወይም ስፕሬይ ሳይነካው፣ ይልቁንም እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ ፒያስትራ አያስነኩት።

ፀጉር ማለስለሻ ክሬም የሚጠቀሙ ሴቶች ቅደም ተከተሉን መሳት የለባቸውም። ማለስለሻው እጅግ ጠንካራ አልካሊ ስለሆነ በቀለም ላይ ሲመጣ ቀለሙን ይገፈዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይለስልስ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ይረፍ፣ ከዚያ ይቀባ። ሁለቱን በአንድ ቀን እንሥራልዎ የሚል ፀጉር ቤት ቢያጋጥምዎ እምቢ ይበሉ፤ ቀለሙ ቀርቶ ፀጉሩ ራሱ ሊበጣጠስ ይችላል።

ፀሐይም ቀላል ጠላት አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በበጋ ወራት ረዘም ላለ ጊዜ ውጭ የሚውሉ ከሆነ ሻሽ ወይም ባርኔጣ ያድርጉ፤ ስስ ነጠላ ብቻውን ሙሉ በሙሉ አይከልልም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቀለምን ስለሚያነጣ ይቅርብዎ። ዋና የሚወዱ ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ፀጉራቸውን በንጹሕ ውሃ ቢያርሱና ኮንዲሽነር ቀብተው ኮፍያ ቢያደርጉ፣ አስቀድሞ ውሃ የጠገበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙም አይመጥም። እንደ ድሬዳዋ ውሃው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት በሚተውበት ከተማ፣ ወይም ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሚኖሩበት በለንደን፣ ማዕድኑ ፀጉሩን ያደበዝዘዋል፤ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ የአፕል ቪኒገር አድርጎ ማለቅለቅ ያንን ዝቃጭ ያነሳል።

ማታ የሳቲን ሻሽ አስረው ይተኙ፤ የጥጥ ትራስ ፀጉሩን እየፈተገ ያደርቀዋል። ሹሩባም ለተቀባ ፀጉር ጥሩ ዕረፍት ነው፤ ከካውያና ከተደጋጋሚ እጥበት ያድነዋል። ይሁንና ቀለም በተቀቡ ማግስት አጥብቆ መሠራት ገና ያላገገመውን ፀጉር ስለሚጎዳ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ላላ አድርገው ይሠሩት።

የቀለም ምርጫም ዕድሜን ይወስናል። ቀይና ወይን ጠጅ ከሁሉም ቀድመው ይደበዝዛሉ፤ ከተፈጥሮ ቀለምዎ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ብቻ የሚርቅ ቡናማ ግን ሲደበዝዝም አያሳጣም። ርዝመቱ ከፈዘዘ በየሁለት ሳምንቱ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ኮንዲሽነር ማድረግ ወዙን ይመልስለታል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ በግንባር ዳርና በጆሮ ግንድ አካባቢ የሚወጣውን ሽበት በቀጠሮ መካከል በሥር መሸፈኛ ዱቄት መሸፈን ይቻላል። ጥቁር ሂና ተብሎ የሚሸጠውን ግን ለዚህ አይጠቀሙበት፤ ብዙ ጊዜ ጠንካራ አለርጂ የሚያስነሳ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ቤት ውስጥ ማንኛውንም ቀለም ለመቀባት ካሰቡም ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮዎ ጀርባ ጥቂት ቀብተው ይሞክሩት።

በቀጣዩ ቀጠሮ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሲመለሱ ሙሉውን ፀጉር እንደገና ማስቀባት አያስፈልግም። ቀድሞ በተቀባው ላይ ቋሚ ቀለም በተደረበ ቁጥር ቅርፊቱ ይበልጥ ስለሚጎዳ የሚቀጥለው ቀለም ከበፊቱም ቀድሞ ይለቃል። ባለሙያዋ ሥሩን ብቻ እንድትቀባና ርዝመቱን፣ ፈዝዞ ከሆነ ብቻ፣ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች እንድታስነካው ይጠይቁ። የቀለሙን ቱቦ ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ያስቀምጡ፤ በላዩ ካለው ቁጥር ከነጥቡ በፊት ያለው የጥቁረቱን ደረጃ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ የቀለሙን ዝንባሌ ስለሚያመለክት ሌላ ፀጉር ቤት ቢሄዱ እንኳ ያንኑ ቀለም ማግኘት ይችላሉ።