በጅማ የጤና መድን ካርድ ይዞ እንዴት መታከም ይቻላል?

እናቴ የደም ግፊት አለባት። የዛሬ ሦስት ዓመት ራስ ምታቱ አልለቅ ሲላት ባጃጅ ጠርቼ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኳት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዷ ኪሴ ውስጥ ነበር። ካርዱ ካለ የትም መታከም የሚቻል መስሎኝ ነበር። ሂሳብ መክፈያው መስኮት ላይ ስደርስ “ሪፈሩስ?” አሉኝ። ሪፈር፣ ማለትም ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የሚልክበት ወረቀት፣ አልነበረኝም። የሆስፒታሉ ካርድም ላብራቶሪውም መድኃኒቱም ከኪሴ ወጣ። እናቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ “ልጄ፣ በቃ እንመለስ” ስትለኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እናንተ በዚህ እንዳታልፉ ነው የምጽፈው።

1. መመዝገብና ማደስ

መድኑ ቋሚ ደመወዝ ለሌላቸው ነው፤ ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለቀን ሠራተኛው። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጅማ ዞን ያለው ሊሙ ኮሳ ነበር። መታወቂያና የቤተሰቡን ፎቶ ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ። ክፍያው ስለሚለዋወጥ እዚያው ጠይቁ። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ወይም አብሯችሁ የሚኖር ዘመድ ካለ ተጨማሪ ስለሚያስከፍል ቀድማችሁ ተናገሩ። መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌው ተለይቶ መንግሥት ይከፍልለታል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ካላችሁ ልየታው ሳያልፍ ንገሩት። እድሳቱን ደግሞ የቡና ገንዘብ እጃችሁ ላይ እያለ ጨርሱት።

2. ጤና ጣቢያችሁን የቤተሰብ ሐኪም ማድረግ

በሌላ አገር እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ሐኪም አለው ሲባል እንሰማለን። እኛ ጋ ገና ነው። የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። የእኛ ቤተሰብ ሐኪም የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ነው። ከቻላችሁ ሁልጊዜ አንድ ባለሙያ ጋ ግቡ። ደብተር ግዙና የግፊት ልኬቱን፣ የመድኃኒቱን ስምና ቀኑን ጻፉ። ካርድ ክፍል ፋይል ሲጠፋ ያዳነን ይሄ ደብተር ነው። እኔ በስልክ ከመመዝገብ ደብተር ይሻላል እላለሁ፤ ስልክ ይዘጋል፣ ይጠፋል።

ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎትና የቲቢ ሕክምና መድን ባይኖርም ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

3. ሪፈር

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ የሚታሰበው ለ40,000 ሰው ነው። እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያለ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ነው። ሁሉም በጉንፋን እዚያ ከሄደ ከሩቅ ወረዳ በአምቡላንስ የመጣችው ወላድ ወረፋ ትጠብቃለች ማለት ነው። ስለዚህ መድኑ ከታች ጀምራችሁ እንድትወጡ ያስገድዳል። ድንገተኛ አደጋ ከሆነ ግን ወረቀት አትፈልጉ። ድንገተኛ ክፍል ግቡ፣ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል።

ከስህተቴ በኋላ ሪፈር አጽፌ ሄድኩ። አሁንም መለሱኝ። ክብ ማህተም አልነበረውም፤ እኔም ሳላይ ነው የወጣሁት። ማህተም አስመትቼ ስመለስ ደግሞ ስሟ አልገጠመም። መድን ካርዱ ላይ በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ የተጻፈው አናባቢው በሁለት ፊደል ነው፣ ሪፈሩ ላይ በአንድ። ለአንድ ፊደል ሁለት ቀን ተመላለስን። ዝናብ ነበር፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ባጃጅ ላይ እየወጣች እየወረደች።

ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ግቢ ሳትወጡ በር ላይ ቆማችሁ አንብቡት። ስም እስከ አያት ከመድን ካርዱ ጋር በፊደል መግጠም አለበት። የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ የተላከበት ክፍል፣ የባለሙያው ፊርማና ማህተም ይኑር። የሚወሰደው መድኃኒት ካልተጻፈ “እባክዎ ይጨምሩልኝ” በሉ፤ አይቆጡም። ከዚያ ሁለት ፎቶ ኮፒ አንሱ፣ ዋናው ወረቀት እዚያው ሆስፒታሉ ጋ ሊቀር ይችላል። ቀጠሮ ሲሰጣችሁም “ይሄ ሪፈር እስከ መቼ ያገለግላል?” ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን ያልጠየቀ ሰው በቀጠሮው ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል።

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውበት ሕክምና በመድኑ አይሸፈንም።

4. መድኃኒት “የለም” ሲባል

ዝም ብላችሁ ውጭ ወጥታችሁ አትግዙ። መጀመሪያ ማዘዣው ላይ “የለም” ተብሎ ማህተም ይመታበት። ከዚያ መድኑ ውል የገባበት መድኃኒት ቤት ካለ ጠይቁ። ከሌለና ከገዛችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር መኖሩን የመድን ጽሕፈት ቤቱ ይነግራችኋል።

5. በጀቱን መጠየቅ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔም እዘለው ነበር። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከመንግሥት በጀት 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተዋል። ቃሉ ለእኛ የሚታየው የጤና ጣቢያው መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ከመንግሥት ከሚያገኘው ሌላ ከሕክምና የሚሰበስበውንም ገቢ ራሱ ይጠቀምበታል። በምን ላይ እንደሚውል የሚወስን ቦርድ አለው፤ ቦርዱ ውስጥም የሕዝብ ተወካይ አለ። ተወካያችሁ ማን እንደሆነ እወቁ። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁ ከሚያዝያ በፊት ይድረሰው።

ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። እኛ “የለም” የተባሉትን መድኃኒቶች ከነቀናቸው ከደብተሩ ቀድተን ሰጠን። በአንድ ዓመት የእናቴ የግፊት ክኒን አምስት ጊዜ ጠፍቷል። ተወካዩ ወረቀቱን አይቶ “የሌሎቹንም ጎረቤቶች አምጡልኝ” አለ። አሁን ሰፈራችን ውስጥ ሰባት ቤት ደብተር ይይዛል።