ባክግራውንድ ማጥፋቱ ቀላል ነው፣ ጣጣው ጸጉሩ ላይ ነው

ፎቶሾፕ ውስጥ «ሪሙቭ ባክግራውንድ» የምትል ቁልፍ አለች። ትጫኗታላችሁ፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ፎቶው ላይ ካለው ሰውዬ ጀርባ ያለው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ታዲያ ይሄ ሰውን ከባክግራውንዱ የመለየት መመሪያ ለምን አስፈለገ? የወጣውን ምስል ጥቁር ቀለም ላይ አስቀምጡና ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጸጉሩ ዙሪያ ነጣ ያለ ጭረት ይታያል፣ የጆሮው ጫፍ ተበልቷል፣ በክንዱና በወገቡ መሃል ባለችው ክፍተት ደግሞ የድሮው ግድግዳ ቁጭ ብሎ ያያችኋል።

ለእኔ ይሄ ሥራ ሙሉ በሙሉ የጠርዝ ሥራ ነው። ችግሩ የአንድ ሰው ጠርዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ትከሻና ኮሌታ ጥርት ያለ መስመር አላቸው፣ ጉንጭ ትንሽ ለስለስ ይላል፣ ጸጉር ግን መስመር የሚባል ነገር የለውም፤ ጫፉ ላይ ከኋላው ካለው ነገር ጋር ተቀላቅሎ ግማሹ ጸጉር ግማሹ ግድግዳ የሆነ ቀለም ይፈጥራል። አንዷ ቁልፍ ሁሉንም በአንድ መቀስ ልትቆርጥ ስትሞክር ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ለየጠርዙ የየራሱን መሣሪያ እንሰጠዋለን።

የማሳያችሁ በፎቶሾፕ ነው። ነፃ በሆነው ጊምፕ ወይም ብሮውዘር ላይ በሚሠራው ፎቶፒ የምትሠሩ ከሆነ ስማቸውና ቦታቸው ይለያይ ይሆናል እንጂ ማስኩም፣ ቻናሉም፣ ብሩሹም እዚያ አለ። ማክ ላይ ደግሞ ኮንትሮል ባልኩበት ኮማንድ፣ ኦልት ባልኩበት ኦፕሽን ብላችሁ አንብቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዋናውን ፎቶ አግኙ። በቻት የተላከ ፎቶ ብዙ ጊዜ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፣ እና መጨመቁ መጀመሪያ የሚያበላሸው በትክክል እኛ የምንፈልገውን ቦታ ነው፣ የጸጉሩን ጫፍ። እንደ ፋይል አድርገው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ፎቶውን የምታነሱት ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ግማሹን ሥራ እዚያው ጨርሱት፦ ሰውየውን ከግድግዳው አንድ ሁለት ሜትር አርቁት፣ ጥላው ግድግዳው ላይ አያርፍም፣ የግድግዳውም ቀለም ተንፀባርቆ ትከሻው ላይ አይመጣም። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆመን ሰው የትኛውም ሶፍትዌር በደንብ አይለየውም። ዓይናችሁ ራሱ ድንበሩን ካላገኘው ኮምፒውተሩን አትውቀሱት።

ፎቶውን ስትከፍቱ ሌየሩ ላይ፣ ማለትም እንደ ግልጽ ወረቀት በሚደራረበው የምስሉ ንብርብር ላይ፣ ትንሽ የጓጉንቸር ምልክት አለች። እሷን ጠቅ አድርጋችሁ ክፈቷት። እኔ ኮንትሮልና ጄን ተጭኜ ኮፒ አወጣና የታችኛውን ዓይኑን አጠፋዋለሁ፣ ዋናው ሳይነካ ይቀመጣል።

ከዚህ በኋላ ኢሬዘር የሚባለውን መሣሪያ እርሱት። በኢሬዘር የጠፋ ነገር ፋይሉን ዘግታችሁ ከከፈታችሁት በኋላ አይመለስም። ማስክ፣ ማለትም ሌየሩ ላይ የሚደረብ ጭምብል፣ ግን ምንም አያጠፋም፣ ይሸፍናል ብቻ። ሕጉ አንድ ነው፦ ማስኩ ላይ ጥቁር ይደብቃል፣ ነጭ ያሳያል፣ ግራጫ በከፊል ያሳያል። ይቺ ግራጫ ናት ኋላ ላይ ጸጉሩን የምታድነው።

መጀመሪያ ሻካራውን ምረጡ

«ሴሌክት» ከሚለው ሜኑ ውስጥ «ሰብጀክት»ን ጫኑ። ፕሮግራሙ ሰውየውን ራሱ ፈልጎ ዙሪያውን በሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ መስመር ይከበዋል። ይሄ በፈረንጆቹ ከ2018 ስሪት ጀምሮ ያለ ነው፣ በየጊዜውም እየተሻሻለ መጥቷል። አሮጌ ስሪት ያላችሁ ደብልዩን ተጭናችሁ በ«ኩዊክ ሴሌክሽን» ሰውየውን ቀስ እያላችሁ ቀቡት፣ ያው ነው ውጤቱ፣ ትንሽ ይረዝማል እንጂ።

አሁን አጉሉትና ዙሩት። የቀረ ነገር ካለ በኩዊክ ሴሌክሽኑ ጨምሩ፣ የበዛ ካለ ኦልትን ይዛችሁ ቀንሱ። ሁልጊዜ የሚረሱ ቦታዎች አሉ፦ በክንድና በጎን መሃል ያለው ክፍተት፣ በጆሮ ጌጥ ውስጥ ያለው ቀዳዳ፣ በአንገትና ወደ ታች በወረደ ጸጉር መሃል ያለው። ጸጉሩን ለጊዜው ተዉት። ሻካራ ሆኖ ይቆይ።

ትከሻውና ልብሱ በጣም ጥርት ብሎ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ለትልቅ ኅትመት ከሆነ፣ ፔን ቱልን የሚያህል የለም። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ነጥብ ታስቀምጣላችሁ፣ ሳትለቁ ትጎትታላችሁ፣ መስመሩ ይጎብጣል። ነጥቦቹን አታብዙ፣ መስመሩ የሚንቀጠቀጠው ነጥብ ሲበዛ ነው። ደግሞም መስመሩን ከልብሱ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ በትክክል ጠርዙ ላይ ካስኬዳችሁት የድሮው ባክግራውንድ እንደ ክር ተከትሎ ይመጣል። ዞራችሁ ስትገጥሙ ኮንትሮልና ኢንተር ወደ ሴሌክሽን፣ ማለትም ወደዚያ በነጠብጣብ ወደተከበበ ምርጫ፣ ይቀይረዋል።

ጸጉሩ

ሴሌክሽኑ እንዳለ ኮንትሮል፣ ኦልትና አር ተጫኑ። «ሴሌክት ኤንድ ማስክ» የሚባለው ክፍል ይከፈታል። ወደ ብሩሹ ከመሮጣችሁ በፊት በቀኝ በኩል «ቪው» የሚለውን አስተካክሉ፣ ምክንያቱም የማታዩትን ማስተካከል አትችሉም። «ኤ» (A) የምትለዋን ፊደል ስትጫኑ ምስሉን ጥቁር ላይ ያሳያችኋል፣ ቲን ስትጫኑ ነጭ ላይ፣ ዋይን ስትጫኑ ደግሞ ከታች ያስቀመጣችሁት ሌየር ላይ። አዲሱ ባክግራውንድ ምን እንደሆነ ካወቃችሁ አስቀድማችሁ ከሥር አስገቡትና በዋይ ሥሩ። ነጭ ላይ የሚያስጠላ ጠርዝ ጨለማ ባክግራውንድ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ የማይታይ ነገር ላይ ጊዜ ማጥፋት ምን ያደርጋል?

ከዚያ በግራ በኩል «ሪፋይን ኤጅ ብሩሽ»ን ያዙ። አዲስ ስሪት ከሆነ «ሪፋይን ሄር» የሚል ቁልፍም አለ፣ መጀመሪያ እሱን ሞክሩት፣ አንዳንዴ ግማሹን ይጨርሰዋል። ብሩሹን ጸጉሩና ባክግራውንዱ በተቀላቀሉበት ቀለበት ላይ ብቻ አስኪዱት፣ ከጸጉሩ ዳር ወደ ውጪ፣ የመጨረሻዋ ዘለላ እስከደረሰችበት ድረስ። ወደ ጸጉሩ መሃል አትግቡ። ፊት ላይማ በጭራሽ። ይሄ ብሩሽ የሚሠራው የነካችሁትን ቦታ እንደገና አስልቶ የቱ ጸጉር የቱ ባክግራውንድ እንደሆነ በመገመት ነው፣ ስለዚህ ግልጽ የሆነን ቦታ ስትሰጡት ግራ ገብቶት ቀዳዳ ያወጣል። ትከሻ ላይ ካስኬዳችሁትም ልብሱን ይበላዋል። ካበዛችሁት ኦልትን ይዛችሁ መልሱ።

በጣም የተጠቀለለ ጸጉር ላይ ሰው የሚሳሳተው ዘለላ በዘለላ ሊያወጣው ሲታገል ነው። የተጠቀለለ ጸጉር ዳሩ ላይ እየሳሳ የሚሄድ ደመና ዓይነት ነገር ነው። ሰፋ ያለ ብሩሽ ይዛችሁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዙሩትና ቀሪውን ለግራጫው ተዉት፤ ዳሩ ላይ ትንሽ ቢሳሳ ማንም አያውቅባችሁም፣ ተቆርጦ ክብ ሆኖ ከወጣ ግን ወዲያው ነው የሚታወቀው።

ከታች ያሉት አራቱ መጎተቻዎች «ስሙዝ»፣ «ፌዘር»፣ «ኮንትራስት» እና «ሺፍት ኤጅ» ይባላሉ። ብዙ ሰው እነሱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲጎትት ይውላል። እኔ ብዙም አልነካቸውም፣ ምክንያቱም መላውን ጠርዝ አንድ ላይ ነው የሚቀይሩት፤ ትከሻውን ስታሳምሩ ጸጉሩ ይጠፋል። ጠርዙን የሚያለሰልሰው ፌዘር ከግማሽ እስከ 1 ፒክስል፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሺፍት ኤጅ ደግሞ ከዜሮ በታች ወደ 10 ገደማ፣ በቃ።

መጨረሻ ላይ «አውትፑት ቱ» የሚለው ላይ «ኒው ሌየር ዊዝ ሌየር ማስክ» ምረጡና ኦኬ በሉ።

ያልተሳካላችሁ እንደሆነ

ጥቁር ጸጉር ነጣ ካለ ግድግዳ ፊት ከሆነ አሮጌው የቻናል ዘዴ እስካሁን ከማንኛውም አዲስ ቁልፍ የማያንስ ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ቻናል ማለት የፎቶውን አንዱን ቀለም ለብቻው የያዘ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። «ቻናልስ» የሚለውን ክፈቱና ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እየቀያየራችሁ ለየብቻ እዩ። ጸጉሩ በጣም የጠቆረበት፣ ግድግዳው ደግሞ በጣም የነጣበት የቱ ነው? ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ነው፣ ግን አትገምቱ፣ እዩት። እሱን ኮፒ አድርጉ። ዋናውን እንዳትነኩ፣ የፎቶው ቀለም ይበላሻል። ኮፒው ላይ ኮንትሮልና ኤል ተጫኑና በ«ሌቭልስ» ጥቁሩን ወደ መሃል፣ ነጩንም ወደ መሃል ግፉ፤ የጸጉሩ ጫፎች መቆራረጥ ሲጀምሩ አቁሙ። ፊትና ልብስ ላይ የቀረውን ነጭ በጥቁር ብሩሽ ሙሉት። ከዚያ በኮንትሮልና አይ ገልብጡት፣ ሰውየው ነጭ ይሆናል። ኮንትሮልን ይዛችሁ የቻናሏን ትንሽ ምስል ጠቅ ስታደርጉ ሴሌክሽን ትሆናለች። ላይ ያለውን፣ ሦስቱንም ቀለሞች አንድ ላይ የሚያሳየውን የአርጂቢ ቻናል ጠቅ አድርጉ፣ ወደ ሌየሮቹ ተመለሱና ማስክ ጨምሩ። የፎቶው የራሱ ብርሃን ማስክ ሆነላችሁ ማለት ነው፣ ግራጫውም ሳይቀር።

ማስኩን በእጅ ማጽዳት

ይሄ ክፍል ነው ጥሩ ሥራን ከመናኛ የሚለየው። ከሰውየው ሥር በአንድ ቀለም የተሞላ ሌየር አስገቡ፣ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ከዚያ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ። እያንዳንዱ ቀለም ሌላው የደበቀውን ጉድ ያወጣል። ኦልትን ይዛችሁ ማስኩን ጠቅ ካደረጋችሁ ደግሞ ማስኩ ራሱ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ግንባር መሃል ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ካያችሁ ሰውየው ቀዳዳ አለው ማለት ነው።

ቢን ተጭናችሁ ብሩሽ ያዙ፣ ዲ ጥቁርና ነጩን ያመጣል፣ ኤክስ እያቀያየረ ይሰጣችኋል። ለትከሻ ጠንካራ ብሩሽ፣ ለጉንጭ ለስላሳ። ለተበላ የጸጉር ዘለላ 2 ፒክስል የሆነች ብሩሽ ይዛችሁ በነጭ፣ ጸጉሩ በሄደበት አቅጣጫ፣ አንድ አንድ ጊዜ ጫር አድርጉ። መነጽር ካለ መስታወቱን አትርሱ፣ ከፊቱ ጎን ወጣ ያለው መስታወት ውስጥ የድሮው ባክግራውንድ ተደብቆ ይቀራል፣ እዚያ ላይ ግራጫ ብሩሽ ያሻችኋል።

ማስኩ ጥሩ ሆኖ ጠርዙ ላይ የድሮው ቀለም ከቀረ፣ ማለትም ጸጉሩ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ጥላ ካለበት፣ ችግሩ የማስክ አይደለም፣ የቀለም ነው። ሴሌክት ኤንድ ማስክ ውስጥ «ዲኮንታሚኔት ከለርስ» የሚል አለ፣ የጠርዙን ቀለም አጠገቡ ባለው የሰውየው ቀለም ይተካል፤ ይሠራል፣ ግን ፒክስሎቹን ስለሚቀይር ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ያስቸግራል። እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፦ ከላይ ባዶ ሌየር ጨምሩ፣ በኮንትሮል፣ ኦልትና ጂ ከታችኛው ጋር አጣብቁት፣ የሌየሩን ሞድ «ከለር» አድርጉት፣ ኦልትን ይዛችሁ ከጸጉሩ መሃል ቀለም ውሰዱና ዳሩን ቀቡት። አረንጓዴው ይጠፋል፣ ዘለላዎቹ ይቆያሉ። ነጣ ላለው ጭረት ግን ሞዱን የሚያጨልመውን «መልቲፕላይ» አድርጋችሁ ኦፓሲቲውን (የሌየሩን ድፍነት) ዝቅ አድርጉ፣ ከለር ብሩህነቱን አይነካውም።

አዲስ ባክግራውንድ ላይ ስታስቀምጡት

ብርሃኑ ሰውየውን ከግራ መትቶት ባክግራውንዱን ከቀኝ ከመታው የቱንም ያህል ብትቆርጡት አይዋጥም። አንዱን አግድም ገልብጡት፣ ፊት ስትገለብጡ ግን ቲሸርቱ ላይ ጽሑፍ ይኑር አይኑር ተመልከቱ። ባክግራውንዱን በ«ጋውሲያን ብለር» ትንሽ አደብዝዙት። ፎቶው ላይ ደረቱ የተቆረጠ ከሆነ የተቆረጠውን ጫፍ ከአዲሱ ምስል የታች ጠርዝ ጋር ግጠሙት፣ አለበለዚያ ግማሽ ሰው አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ሴቭ ስታደርጉ ባዶው ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ፒኤንጂ ነው። ጄፔግ ግልጽነት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ባዶውን በነጭ ይሞላዋል። ለመታወቂያ ዓይነት ፎቶ ነጭ ሌየር ከሥር አድርጋችሁ በጄፔግ ብታወጡት ምንም አይደለም። የፎቶሾፕ የራሱ ፋይል የሆነውን ፒኤስዲ ግን ከነማስኩ አስቀምጡ፤ ደንበኛው ነገ «ባክግራውንዱ ሰማያዊ ይሁንልኝ» ማለቱ አይቀርም።