ሞንቴሶሪ ከመምረጣችሁ በፊት፣ ከመረጣችሁም በኋላ

የዋሽንግተን ዲሲ የትምህርት ቤት ሎተሪ፣ ማለትም የሕዝብ (የመንግሥት) ትምህርት ቤት ቦታ በዕጣ የሚሰጥበት ምዝገባ፣ በተከፈተ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅናቸው እናቶች፣ የባለቤቴ የኡበር ጓደኞች፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማላውቃቸው ሰዎች ይደውላሉ። አዲስ አበባ ኬጂ አስተምር እንደነበርና አሁን ሞንቴሶሪ ክፍል ውስጥ ረዳት መምህር እንደሆንኩ ስለሰሙ ነው። ሞንቴሶሪ የ3፣ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ሥራቸውን ራሳቸው እየመረጡ በዕቃ የሚማሩበት የማስተማር ዘዴ ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ልጄ ቶሎ ያነብልኛል ወይ?»

ሊያነብ ይችላል። እኔ ግን ወላጅ ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያወጣው ለዚያ ባይሆን እመርጣለሁ። ሥራውን ራሱ መርጦ፣ ሳይቸኩል ሠርቶ፣ ሲሳሳት ራሱ አይቶ አርሞ፣ ዕቃውን ቦታው መልሶ የሚነሣ ልጅ ካደገ በኋላም የሚጠቅመውን ይዟል። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ይህን ልማድ የሚያሲዘውን ፈልጉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አታፍርሱበት። ምክሬ በሙሉ ከዚህ አይወጣም።

መጀመሪያ ከወሬው እንገላገል። «ጉግልን የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ሞንቴሶሪ ነው የተማሩት» የማይላችሁ የለም። እውነት ነው፤ ብሪን የተማረው እንዲያውም እዚሁ ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አደልፊ በሚባል ቦታ ነው። ነገር ግን የብሪን አባት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር፣ የፔጅ አባት ደግሞ የሚሺጋን ስቴት የኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ቤት ያደገ ልጅ የትም ቢማር ምን ይሆን እንደነበር ማን ያውቃል?

ስለዚህ የሚታመነው የሎተሪው ጥናት ነው። አመልክተው ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው ልጆች ወላጆቻቸው ተመሳሳይ ፍላጎት ስላላቸው ማወዳደር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው፣ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ የተሠራው ጥናት በዚህ መንገድ አይቶ፣ የ5 ዓመት የሞንቴሶሪ ልጆች በንባብም በሒሳብም እንደሚሻሉ አገኘ። እኔን የያዘኝ የ12 ዓመቶቹ ጉዳይ ነው። በትምህርት ፈተናው ከሌሎቹ ያን ያህል አልተለዩም፤ የጻፉት ድርሰት ግን የበለጠ ፈጠራ ነበረው፣ ከጓደኛ ጋር የሚነሣ ችግርንም በተሻለ መንገድ ይፈቱ ነበር። በ2025 ደግሞ በ24 የሕዝብ ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች ያመለከቱ 588 ልጆችን የተከተለ ጥናት ወጣ። ኪንደርጋርተን ሲጨርሱ ዕጣ የወጣላቸው በንባብ፣ በማስታወስ፣ ራስን በመግዛትና የሌላውን ሰው ሐሳብ በመረዳት በልጠው ተገኙ። ትምህርት ቤቶቹ የሚያወጡት ወጪም ከመደበኛው ይልቅ በሦስት ዓመት ለአንድ ልጅ ወደ 13,000 ዶላር ያነሰ ነበር።

ስለ አዋቂነት የሚናገረው የ2021 ጥናት ነው። 1,905 አዋቂዎችን ጠይቆ፣ በልጅነታቸው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሞንቴሶሪ የተማሩት በሕይወታቸው የበለጠ እንደሚረኩ፣ በራሳቸውም በሰውም ላይ የበለጠ እምነት እንዳላቸው አገኘ። ይህኛው ግን ሎተሪ የለውም። ቀድሞ የተማሩ ሰዎችን መጠየቅ ስለሆነ፣ የወላጅ ኑሮና ጠባይ አብሮ ሊገባበት ይችላል። ሁለቱን ዓይነት ማስረጃ ለይታችሁ ያዙ።

አሁን ወደ መረጣው። «ሞንቴሶሪ» የሚለው ስም የማንም ንብረት አይደለም። ማንም ሰው በሩ ላይ ሊጽፈው ይችላል፤ እዚህም፣ አዲስ አበባም ይጻፋል። ስለዚህ ለጽሑፉ አትክፈሉ። ጠዋት ሄዳችሁ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ ማየት እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። ጥሩ ትምህርት ቤት ለተመልካች ወንበር አያጣም። ኮሪደሩን አስጎብኝቶ ወደ ቢሮ የሚመልሳችሁን ግን ጠርጥሩት።

ስትቀመጡ መምህሯን ለማግኘት ብዙ ካስቸገራችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ከአንድ ልጅ አጠገብ ዝቅ ብላ ተቀምጣ፣ እጇን ቀስ አድርጋ እያሳየች ይሆናል። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ሁሉንም በአንድ ድምፅ የምታስጮህ ከሆነ፣ መደርደሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ያ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ልጆቹን እዩ። የ3፣ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች አብረው መሆን አለባቸው። አንዱ ምንጣፉን ዘርግቶ ሮዝ ቀለም ያላቸውን አሥር ኩቦች፣ ከትልቁ እስከ ጣት ጫፍ የምታህለው፣ ይደረድራል። ሌላዋ ውኃ ከጆግ ወደ ጆግ ትገለብጣለች፤ ፈሰሰባት፤ ማንም ሳይናገራት ስፖንጅ ታመጣለች። አሥር እንጨቶችን በየልካቸው ቀዳዳ የሚያስገባው ልጅ አንዱን ከተሳሳተ መጨረሻ ላይ የማይገባ እንጨት ይተርፈዋል፤ ስህተቱን ዕቃው ራሱ ይነግረዋል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ስለሚቀመጥ፣ የፈለገ ጓደኛው እስኪጨርስ ይጠብቃል። ራስን መግዛት የሚለመደው እንዲህ ነው።

ሰዓት ጠይቁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል የሚቆይ ያልተቆራረጠ የሥራ ጊዜ አለ? በየሃያ ደቂቃው ደወል እየተደወለ ወደ ሙዚቃ፣ ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ ስፖርት የሚነዱ ልጆች ሐሳባቸውን መሰብሰብ አይለምዱም። እንጀራ ሳይበስል አክንባሎውን እየከፈቱ ማየት ነው። መምህሯ የት እንደሠለጠነችም ጠይቁ፤ ከኤኤምአይ (ዓለም አቀፉ የሞንቴሶሪ ማኅበር) ወይም ከኤኤምኤስ (የአሜሪካው የሞንቴሶሪ ማኅበር) ጋር የተያያዘ ሥልጠና ካላት ይነግሯችኋል። አዲስ አበባ ሳለሁ ዕቃው ሁሉ በመስታወት ቁም ሣጥን የተቆለፈበት ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ልጆቹ በመስታወቱ ያዩታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። እዚያ ከመክፈል መደበኛ ኬጂ ማስገባት ይሻላል፣ ቢያንስ ርካሽ ነው።

ሦስተኛውን ዓመት አታስቀሩ። የእኛ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ልጁ 5 ሲሞላው የሠፈሩ ኪንደርጋርተን ነፃ ነውና ያወጡታል። የግሉ ክፍያ ከቤት ኪራይ ጋር በሚፎካከርበት አካባቢ እንደምኖር አውቃለሁ፣ አልፈርድም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ታናሽ ሆኖ ትልልቆቹን ሲያይ የቆየ ልጅ ታላቅ የሚሆነው በሦስተኛው ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ አባት ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ፊደል የለየው ታናሹን ያስቆጥር የለ? የተማረው የሚጠነክረው ያኔ ነው። ሦስቱንም ዓመት መክፈል ካልቻላችሁ ከመጀመሪያው የሕዝቡን ፈልጉ። የዲሲ ነዋሪዎች ልጃችሁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት ከሞላው በማይ ስኩል ዲሲ ሎተሪ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ማስገባት ትችላላችሁ፤ ካፒቶል ሂል ሞንቴሶሪና ሊ ሞንቴሶሪ እዚያ ውስጥ አሉ። ሜሪላንድ ያለው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲም የሕዝብ ሞንቴሶሪዎች አሉት። «የሀብታም ትምህርት ነው» ለሚላችሁ፣ ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን ቤት በ1907 ሮም ውስጥ የከፈተችው ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሃ ሠራተኞች ሠፈር ነበር በሉት።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ይበዛል፤ ዕቃ መግዛት ግን አያስፈልግም። ኦንላይን የሚሸጠውን ውድ እንጨት ተዉት። የእኛ ቤት ሞልቶለታል። ምስር አስለቅሙት፤ አንድ ትሪ፣ አንድ እፍኝ ምስር፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን። የ4 ዓመት ልጅ ድንጋይና ገለባ ሲፈልግ ድምፁ ይጠፋል። ነጭ ሽንኩርት ይላጥ፣ ባቄላ ይፈልፍል። ሲኒ ረከቦቱ ላይ ይደርድር፤ አዎ፣ አንዳንዱ ይሰበራል፤ ርካሹን ሲኒ ስጡት እንጂ ፕላስቲክ አትስጡት፣ የማይሰበር ነገር ጥንቃቄ አያስተምርም። ፈንዲሻውን ለእንግዳ ያዙር። እንግዳ ያስታጥብ፦ ውኃውን በልኩ ማፍሰስ፣ ሳፋውን መያዝ፣ ፎጣውን ማቀበል፣ ለታላቅ ጎንበስ ማለት። ክፍላችን ውስጥ ከምናስተምረው የውኃ መቅዳት ሥራ ይህ ይበልጣል ብል አላጋንንም፣ ምክንያቱም እውነተኛ ሰው እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ ነው።

ስታሳዩት አፋችሁን ዝጉ። እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ አንዴ ሥሩና ዕቃውን ስጡት። ሲሳሳት አትቀሙት። ጫማውን ገልብጦ ካደረገ መንገድ ላይ እግሩ ይነግረዋል። አሥር ደቂቃ ቀድሞ መነሣት ይጠይቃችኋል፤ ከዚህ ሁሉ ምክር ከባዱ እሱ ነው።

አያት ከአገር ቤት ሲመጡ ነገሩ ይለወጣል። አማቴ የመጡ ሰሞን «ምነው ልጄ፣ ሕፃኑን ሠራተኛ አደረግሽው!» ብለውኛል፣ በአምስት ዓመቱም ያጎርሱት ነበር። አልተከራከርኩም። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ከምግቡ መጨረሻ ላይ አንድ ይጉረስ፣ ሌላውን በእጁ ይብላ ብለን ተስማማን። ከዚያ ምስር ለቀማውን ያስተማሩት እሳቸው ሆኑ።

«ጎበዝ!» የምትለዋን ቀንሱ፤ አልከለክልም፣ እኔም እላለሁ። በየደቂቃው ከተባለ ግን ልጁ ሥራውን ትቶ ፊታችሁን ማየት ይጀምራል። በምትኩ ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ሁሉንም ሲኒ በመስመር አደረግኸው።» ለእንግዳም «ኤ፣ ቢ፣ ሲ በልላቸው» እያላችሁ አታስፈትኑት።

አማርኛውን ከፈለጋችሁ፣ የእንጨት ሠራተኞችን ብርጭቆ ወረቀት ግዙና ፊደል ቆርጣችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉ። በጣቱ እየዳሰሰ ድምፁን ይበል። ሠላሳ ሦስቱን በተርታ አታስቆጥሩት፤ ከስሙ ፊደሎች ጀምሩ። ከዚያ ከካርቶን የተቆረጡ ፊደሎች ስጡት፤ «ቡ» እና «ና» አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ቡና ሆነ። እርሳስ መያዝ ሳይችል መጻፍ ጀመረ ማለት ነው።

6 ዓመት ከሞላው በኋላ አብዛኛው ልጅ መደበኛ ክፍል ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ይከብዳሉ። ሳይጠይቅ ይነሣል፣ ሌላው ሲያነብ የራሱን ሥራ ያወጣል፣ «ጊዜው አለቀ» ሲባል ያለቅሳል። መምህሩ እረፍት የለሽ ነው ሊል ይችላል። ክረምቱ ሳያልቅ እጅ ማውጣትን፣ ተራ መጠበቅን፣ ሥራ ሳይጨርሱ ማቆምን ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ አለማምዱት። መምህሩንም ቀድማችሁ አግኙ፣ ከየት እንደመጣ ንገሩት፣ ሥራውን ቶሎ ሲጨርስ ምን ሊሠራ እንደሚችልም አብራችሁ ተስማሙ። በመጀመሪያው የወላጅ ስብሰባ «ስንተኛ ነው?» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማንም ሳያዘው የሚመርጠው ሥራ ምንድን ነው? ሲከብደውስ ምን ያደርጋል?