ሊኑክስ ላይ ሞኒተር ከ1024 በ768 አልፎ አልሄድ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ሞኒተር ምስሉ ከተለጠጠ፣ ጽሑፉ ከደበዘዘ ወይም ሴቲንግ ውስጥ ትክክለኛው ሪዞሉሽን (ስክሪኑ በወርድና በቁመት የሚያሳያቸው ነጥቦች ብዛት) ጨርሶ ካልተዘረዘረ፣ መጀመሪያ የሚደረገው ኡቡንቱን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) እንደ አዲስ መጫን አይደለም። ይህን የማስቀድመው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለጥገና የሚቀርቡልኝ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች አስቀድሞ ሌላ ሰው ፎርማት አድርጓቸው፣ የባለቤቱ ፋይል ጠፍቶ፣ ችግሩ ግን ሳይነካ ስለሚደርሱኝ ነው።

ምልክት፦ ዝርዝሩ 1024 በ768 ላይ ያበቃል

ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው ኤክስራንደር የተባለውን ትዕዛዝ (በላቲን ፊደል xrandr) ሲያስገቡ፣ ከሞኒተሩ ስም ሥር 1024 በ768፣ 800 በ600፣ 848 በ480 እና 640 በ480 ብቻ ከወጡ፣ ከስሙ ጎን ያለው ስፋትና ቁመት ደግሞ 0 ሚሊ ሜትር በ0 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሞኒተር መኖሩን እንጂ የትኛው ሞኒተር እንደሆነ አላወቀም ማለት ነው። ሞኒተር ሁሉ ኢዲአይዲ የሚባል፣ መሠረታዊ ክፍሉ 128 ባይት የሆነ መረጃ ይይዛል፤ መጠኑና የሚችላቸው ሪዞሉሽኖች የተጻፉት እዚያ ላይ ነው። በቪጂኤ (ባለ 15 ፒኑ የሞኒተር) ገመድ ይህ መረጃ የሚያልፈው ቀለሙን በሚያመላልሱት ሽቦዎች ሳይሆን በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢቋረጥ ምስሉ ያለ ችግር ይመጣል፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ግን የሚያነበው ስለሚያጣ ማንኛውም ሞኒተር ይችለዋል ብሎ ወደሚገምተው 1024 በ768 ይወርዳል። «ምስል እያሳየ እንዴት ገመዱ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም፣ ገመዱን ማንም የማይጠረጥረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኮምቦልቻ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል ተብሎ አዲስ ካርድ ተገዝቶ ተገጥሞ ነበር። ካርዱን የገጠመው ሰው ያንኑ አሮጌ ገመድ መልሶ ስለሰካው ስክሪኑ እንደነበረው ቀረ፤ ከጎን ካለው ጠረጴዛ ገመድ ነቅለን ስንሰካ 1920 በ1080 ወዲያውኑ መጣ፣ ለካርዱ የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ወልዲያ ውስጥ ደግሞ የአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ሞኒተሮች በሙሉ በዚሁ በሽታ ተይዘው አግኝቻለሁ። ገመዶቹ ከአንድ ካርቶን የወጡ ሲሆኑ፣ አንዱን ቆርጠን ብናየው ከሦስቱ የቀለም ሽቦዎች ሌላ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ለምስሉ ማቀናጃ የዋሉ በመሆናቸው ለኢዲአይዲ የተረፈ ሽቦ አልነበረም። እንዲህ ያለው ገመድ ሲሸጥ ባለሱቁ «አብሽር፣ ኦርጅናል ነው» ይላል፤ እርስዎ ግን መልቲሜትር ይዘው ይሂዱ።

ፍተሻው ቀላል ነው። የገመዱን ጫፍ ሰፊውን ረድፍ ወደ ላይ አድርገው ፊት ለፊት ሲያዩት፣ በታችኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛው ቦታ 12ኛው፣ የመጨረሻው ደግሞ 15ኛው ፒን ነው። ከላይ በመሃለኛው ረድፍ 9ኛው ፒን ባይኖር አይደንግጡ፣ በብዙ ገመዶች ላይ ሆን ተብሎ ይተዋል። ፒኑ ቆሞ ስለታየ ብቻ ከኋላው ሽቦ አለ ብለው አይመኑ፤ መልቲሜትሩን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ 12ን ከ12፣ 15ን ከ15 ይለኩ። ፒኑ ታጥፎ ከተኛ በቀጭን ፒንሳ በቀስታ ይቃና። አንዴ ከተቃና በኋላ በድጋሚ ቢታጠፍ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሁለቱን የጎን ብሎኖች ማሰር ግድ ነው። ብሎኑን ሳያስሩ ገመዱ በራሱ ክብደት እንዲንጠለጠል የሚተው ሰው ነገ ተመልሶ ቢመጣ ሊደነቅ አይገባውም።

ገመድ እስኪገኝ ሪዞሉሽኑን በእጅ ማስገባት ይቻላል። ሲቪቲ (cvt) ለተባለው ትዕዛዝ 1920 1080 60 ብለው ሲሰጡት አንድ ረጅም መስመር ይጽፋል፤ እሱን በኤክስራንደር ኒውሞድ (--newmode) አስመዝግበው፣ በአድሞድ (--addmode) ከሞኒተሩ መውጫ ጋር አያይዘው ያስጀምሩታል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ስለሚረሳው ትዕዛዞቹን ኤክስፕሮፋይል (.xprofile) በተባለው ፋይል ውስጥ ያኑሯቸው። የሞኒተርዎ ስክሪን 1366 በ768 ከሆነ ሲቪቲ 1368 ይሰጥዎታል፣ ስፋቱን ለ8 ወደሚካፈል ቁጥር ስለሚያጠጋጋ ነው፤ ጽሑፉ ትንሽ ከደበዘዘ ሞኒተሩ ላይ ያለውን የአውቶ ቁልፍ ይጫኑ። ሞኒተሩ የማይችለውን ድግግሞሽ አይጫኑበት፣ በተለይ አሮጌውን ባለ ቱቦ ሞኒተር! ስክሪን ላይ ምስል የሚያወጡት የሊኑክስ ሥርዓቶች ኤክስኦርግና ዌይላንድ ሲሆኑ፣ ይህ መንገድ የሚሠራው በኤክስኦርግ ላይ ብቻ ነው፤ ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ በዌይላንድ ስለሚነሳ፣ የይለፍ ቃል ሲያስገቡ ከሚታየው የጥርስ ጎማ ምልክት ኤክስኦርግ የሚል ምርጫ ካለ እሱን ይውሰዱ።

ምልክት፦ በኤችዲኤምአይ ኮንቨርተር ሲሆን ይመጣል ይሄዳል

ኤችዲኤምአይ ዲጂታል፣ ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ ኮንቨርተሩ ውስጥ ቺፕ አለ፤ ቺፑ የሚንቀሳቀሰውም ላፕቶፑ በ18ኛው ፒን በሚሰጠው 5 ቮልት ነው። ኮንቨርተሩ ሲግል ምስሉ ከጠፋ ወይም ሪዞሉሽኑ ከወረደ፣ የኃይል ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ኮንቨርተር ይግዙ። ሁለቱ ጫፎች በሽቦ ብቻ የተገናኙበትን፣ ቺፕ የሌለውን ገመድ በነፃ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ።

ሌሎቹ ባጭሩ

የላፕቶፑ የራሱ ስክሪንም ሪዞሉሽኑ ከወረደ፣ ሲጫን የተጨመረው ኖሞድሴት (nomodeset) የሚል ቃል ግራብ በተባለው፣ ሊኑክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም ፋይል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና አጥፍተው አፕዴት-ግራብ (update-grub) የሚለውን ትዕዛዝ ይስጡ። ፕሮጀክተሩ በተፈጥሮው 1024 በ768 ከሆነ ጥፋት የለበትም። ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ ከተደረገ የጋራቸው ሪዞሉሽን ብቻ ስለሚመረጥ ይለያዩዋቸው። ቴሌቪዥን ጠርዙን ከቆረጠ መስተካከል ያለበት በራሱ ሜኑ ውስጥ ነው። ፎር ኬ (3840 በ2160) ሪዞሉሽን በ30 ኸርዝ ብቻ ከመጣ መውጫው ኤችዲኤምአይ 1.4 ሊሆን ይችላል።

ገመዱም ኮንቨርተሩም ተቀይሮ፣ ሞኒተሩ በሌላ ኮምፒውተር ላይም ያው ከሆነ፣ የሞኒተሩ የራሱ ኢዲአይዲ ተበላሽቷል። ያን ጊዜ በግራብ የከርነል መስመር ላይ ቪዲዮ (video=) የሚለውን መለኪያ ከመውጫው ስም ጋር 1920 በ1080፣ 60 ኸርዝ ብለው በቋሚነት ይጻፉለት፤ ዌይላንድ ላይም ይሠራል።