ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርደው የባሕር ቀንድ አውጣ ለሚመዘግቡ ጠላቂዎች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዛጎል የለሽ የባሕር ቀንድ አውጦች የሚኖሩት በጨው ውኃ ብቻ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ አይገኙም። ስለዚህ መንገዱ በባቲና በሚሌ አልፎ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው።

ከውኃ ወጥቶ ወዲያው ወደ ቤት መንዳት። ሰውን ከሁሉ በላይ ሊጎዳ የሚችለው ስህተት ይህ ነው። ጠላቂው ግፊት ውስጥ ሳለ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ይሟሟል፤ የሚወጣውም በብዙ ሰዓት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በሩብ ያህል ያንሳል፤ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። ከመብረር በፊት የሚመከረው ቢያንስ 12 ሰዓት ለአንድ ጥልቂያ፣ 18 ሰዓት ለተደጋጋሚ ነው። ደንቡ ግን የሚሠራው በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ ነው፤ ደሴ ከዚያ ትበልጣለች። ለደሴ 24 ሰዓት ቆላ መቆየት ይሻላል፤ ኮምቦልቻ የሚገባም 18ቱን አያሳጥር።

ዳገቱ ላይ የጀመረን የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም መደንዘዝ «የመንገድ ድካም ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሽቅብ ጉዞው ይቁም፣ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጥ፣ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ይደረስ። ሕመሙን ለማስታገስ እንደገና መጥለቅ ፈጽሞ አይሞከርም።

ብዙ ቦታ ማሰስ። አብዛኞቹ ቀንድ አውጦች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ናቸው። አንድ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ቀስ ብሎ መቆየት ሩቅ ከመዋኘት የበለጠ ያስገኛል። እግር ከታች ደለል ከቀሰቀሰ ግን ምንም አይታይም።

መንካት። ብዙ ጊዜ የተነካ ቀንድ አውጣ ጭራው አካባቢ ያለውን ላባ መሳይ መተንፈሻ ይሰበስባል፤ ዝርያውን ለመለየት የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። እጅ የሚገባበት ስንጥቅም መርዛማ ዓሣ ሊኖረው ይችላል።

ያለ ባትሪ ማየት። ቀይ ቀለም ከጥቂት ሜትር በታች ይጠፋል፤ ደማቅ ቀዩ ቡናማ ይመስላል፤ ስሙም አብሮ ይሳሳታል።

እንስሳውን ብቻ ፎቶ ማንሳት። ብዙዎቹ የተወሰነ ስፖንጅ (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ብቻ ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ የተቀመጠበትም ነገር ይነሣ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት ቀንዶቹን፤ አጠገቡ ማስመሪያ ቢኖር መጠኑ ይታወቃል። የተጠመጠመ የዕንቁላል ጥብጣብ ከታየ እሱም ይመዝገብ።

ሰዓት ማደባለቅ። ይህ በተለይ የእኛ ችግር ነው። ማታ 2 ሰዓት የታየች የሌሊት ቀንድ አውጣ ካሜራው ላይ 20:00 ናት፤ ማስታወሻው ላይ «2 ሰዓት» ብቻ ከተጻፈ ሌላ አንባቢ 02:00 ወይም 14:00 ያደርጋታል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥልቀቱን፣ የውኃውን ሙቀትና ቦታውን በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ እዚያው ውኃ ውስጥ፣ ሰዓቱን በ24 አቆጣጠር፣ ቀኑን ከነዘመን አቆጣጠሩ ይጻፉ።