ኢፉ ሁሌም ትሩ እየሆነ ካስቸገራችሁ፦ የቡሊያን ችግርና መፍትሄ

ቡሊያን ሁለት ዋጋ ብቻ ያለው ዳታ ታይፕ ነው፣ ወይ ትሩ (እውነት) ወይ ፎልስ (ሐሰት)። ስሙ የመጣው ከእንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ከጆርጅ ቡል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ሎጂክ እንደ አልጀብራ ሊሰላ እንደሚችል ያሳየ ሰው፣ በ1937 ደግሞ አሜሪካዊው መሃንዲስ ክሎድ ሻነን ያንኑ አልጀብራ ለኤሌክትሪክ ሰርኪውት አዋለው። ይሄን ማንም ጀማሪ ቶሎ ይይዘዋል፣ ጣጣው የሚመጣው ኮድ ሲጻፍ ነው። እኔ እንዳየሁት ደግሞ ብዙው የቡሊያን ችግር የሚመጣው ቡሊያን ነው ብለን የምንፈትሸው ነገር ጭራሽ ቡሊያን ስላልሆነ ነው፣ ስለዚህ ሎጂኩን መበርበር ከመጀመራችሁ በፊት ቫሪያብሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እዩ።

ፎልስ ብዬ አስገብቼ ኢፉ ውስጥ ይገባል

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ከኮንፊግ ፋይል ወይ ከተጠቃሚው ኢንፑት «ፎልስ» የሚል ይመጣል፣ ኮዱ ግን ትሩ እንደሆነ አድርጎ ይሄዳል። ፕሪንት ብታደርጉት ፎልስ ይላል፣ ሰው የሚያብደው እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱ የመጣው ነገር ስትሪንግ፣ ማለትም ተራ ጽሁፍ፣ መሆኑ ነው። ፓይተን ላይ ባዶ ያልሆነ ስትሪንግ ሁሉ እንደ ትሩ ይቆጠራል፣ ውስጡ የተጻፈው ምንም ይሁን፣ «ፎልስ» ይሁን «0» ይሁን ባዶ ስፔስ ይሁን። ቡል በሚለው ፋንክሽን ብትቀይሩትም ያው ትሩ ነው የሚሰጣችሁ፣ ቡል ስትሪንጉን አያነብም፣ ባዶ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው የሚያየው። ከኮማንድ ላይን አርጉመንት ስትቀበሉ ታይፑን ቡል ብላችሁ ብትሰጡትም እዛው ወጥመድ ውስጥ ናችሁ።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ እንዲሁ ፕሪንት ከማድረግ ይልቅ ሪፕር በሚባለው የፓይተን ፋንክሽን አሳዩት፣ ስትሪንግ ከሆነ ከነጥቅሱ ያሳያችኋል፣ ቡሊያን ከሆነ ያለ ጥቅስ። ከዛ ስትሪንጉን ወደ ትንንሽ ፊደል ቀይሩና ከ«ትሩ» ጋር በ == አወዳድሩት፣ የውድድሩ ውጤት ራሱ እውነተኛ ቡሊያን ነው። ከሁለቱ ውጪ የሆነ ጽሁፍ ከመጣ ደግሞ ኤረር ስጡ፣ ዝም ብላችሁ ፎልስ አታድርጉት፣ አለበለዚያ የስፔሊንግ ስህተት እንደ መልስ ተቆጥሮ ያልፋል።

ጳጉሜ በየዓመቱ ማለት ይቻላል 6 ቀን ሆነብኝ

የኛን ካሌንደር የሚሰራ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ 2015። ኮዱ ላይ ግን ኢፍ ዓመት % 4 ብቻ ተብሎ ይጻፍና ማወዳደሪያው ይረሳል። የ2013 ቀሪ 1 ነው፣ የ2014 ቀሪ 2፣ የ2015 ቀሪ 3፣ ፓይተንም ሲም ጃቫስክሪፕትም ዜሮ ያልሆነን ቁጥር ሁሉ እንደ ትሩ ስለሚያዩት ሶስቱም ዓመት ይገባሉ፣ 2016 ብቻ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ኤረር የለም፣ ፕሮግራሙ ይሰራል፣ 2015ን ብቻ የሞከረ ሰው ደግሞ ልክ ነው ብሎ ይለቀዋል፣ ከዛ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

መፍትሄው % 4 == 3 ብሎ መጻፍ ነው። ከፈረንጆቹ ካሌንደር ኮድ ገልብጣችሁ == 0 ካደረጋችሁም ልክ አይመጣም። እና ስትሞክሩ አራት ተከታታይ ዓመት ሞክሩ፣ ትሩ የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን ፎልስ መሆን ያለባቸውንም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምኑ እንደ ትሩ ምኑ እንደ ፎልስ እንደሚቆጠር ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል። ባዶ ሊስት ፓይተን ላይ ፎልስ ነው፣ ባዶ አሬይ ጃቫስክሪፕት ላይ ትሩ ነው፣ ሩቢ ላይ ዜሮም ትሩ ነው። ቋንቋ ስትቀይሩ ይሄን ልማድ ይዛችሁ አትሂዱ።

ሁለት ከተማ ፈቅጄ ሁሉም ከተማ ያልፋል

ኢፍ ከተማ == «አዳማ» ኦር «ሀዋሳ» ብላችሁ ከሆነ ጎንደር ብትሉትም ያልፋል። ስናወራ «አዳማ ወይ ሀዋሳ ከሆነ» እንላለን፣ ኮምፒውተሩ ግን ከኦር ወዲያ ያለውን ለብቻው ነው የሚያየው፣ «ሀዋሳ» ባዶ ያልሆነ ስትሪንግ ስለሆነ ኢፉ ሁሌም ያልፋል። ከተማ == የሚለውን ሁለቴ ጻፉት፣ ወይ ሊስት አድርጉና በኢን ፈትሹ።

እዚሁ ጋ፣ ኤንድ ከኦር ይቀድማል። «ተማሪ ኦር ጡረተኛ ኤንድ መታወቂያ ያለው» ብላችሁ ከጻፋችሁ ተማሪው ያለ መታወቂያም ቅናሽ ያገኛል። ቅንፍ አድርጉ፣ ቅደም ተከተሉን በቃላችሁ ብታውቁት እንኳን አድርጉ፣ ነገ ኮዱን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።

ኖት ጨመርኩበት ሰው ይቀራል

ከከፈሉና ከተመዘገቡት ውጪ ያሉትን በሙሉ ፈልጋችሁ «ኖት ከፍሏል ኤንድ ኖት ተመዝግቧል» ካላችሁ የምታገኙት ሁለቱንም ያላደረገውን ብቻ ነው፣ ከፍሎ ያልተመዘገበው ይጠፋል። ኖት ወደ ቅንፍ ውስጥ ሲገባ ኤንድ ወደ ኦር፣ ኦር ወደ ኤንድ ይቀየራል፣ የደ ሞርጋን ህግ የሚባለው ይሄ ነው። ከተምታታባችሁ ኖት (ከፍሏል ኤንድ ተመዝግቧል) ብላችሁ እንዳለ ተዉት።

የትሩና የፎልሱ ድምር ከጠቅላላው ያንሳል

ዳታቤዝ ላይ ነው ይሄ የሚመጣው። አክቲቭ የሆኑትን ቆጠራችሁ፣ ያልሆኑትን ቆጠራችሁ፣ ስትደምሩት የጎደለ ሰው አለ። የጎደሉት ኮለማቸው ነል፣ ማለትም ምንም ዋጋ ያልተሞላበት፣ የሆነ ነው። ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ላይ ነል ከምንም ጋር ሲወዳደር፣ ከራሱ ጋርም ቢሆን፣ መልሱ ትሩም ፎልስም ያልሆነ «አይታወቅም» ነው፣ መስመሮቹን የሚያጣራው ዌር ደግሞ ትሩ የሆነውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። = ነል ብላችሁ ብትፈልጉ ምንም አታገኙም፣ ኢዝ ነል በሉ። ኮለሙ መልስ ሁሌ ሊኖረው የሚገባ ከሆነ መጀመሪያ ባዶዎቹን ሙሉ፣ ከዛ ኖት ነል አድርጉትና ዲፎልት ስጡት። ሰውየው ገና ያልተጠየቀ ከሆነ ግን ነሉን ተዉት፣ ያልመለሰን ሰው «አይ» ብሏል ብሎ መመዝገብ ዳታውን ማበላሸት ነው።

ኤክሴል ላይ ትሩ ከትሩ ጋር እኩል አይደለም ይለኛል

ሴሉን እዩት። አላይንመንቱን ካልነካችሁት እውነተኛ ቡሊያን መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ቴክስት የሆነው ወደ ግራ ይጠጋል። ከሌላ ሲስተም ኤክስፖርት የተደረገ ፋይል ላይ ብዙ ጊዜ ቴክስት ሆኖ ነው የሚመጣው። ጎኑ ላይ አዲስ ኮለም ክፈቱና ሴሉን በጥቅስ ውስጥ ካለው ትሩ ጋር በ = አወዳድሩት፣ የሚወጣው ውጤት ቡሊያን ስለሆነ ከዛ በኋላ በሱ ስሩ።